መስኮቱ መቼ ተከፈተ

ንጋቷ እንደምትለው መስኮቱ የተከፈተው አክስቷ ከመውደቃቸው በፊት ነው። በታኅሣሥ ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ ሱቋን ለጎረቤት አደራ ብላ ልትጠይቃቸው መጣች። ስትደርስ የሳሎኑ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ነፋሱ መጋረጃውን ያንገላታዋል። አክስቷ እትዬ ለተጊዮርጊስ በረንዳው ላይ ተዘርረዋል። የቤት ሠራተኛቸው ደመቀች አጠገባቸው ተንበርክካ ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች። ለንጋቷ ነገሩ ግልጽ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ማሞቂያ ሥር የተቀመጡ የሰባ አራት ዓመት ሴት፣ ገላቸው እንደጋለ መስኮት ተከፈተባቸው፤ መጋኛ መታቸው፤ ወደቁ።

ደመቀች እንደምትለው ግን መስኮቱ የተከፈተው እትዬ ከወደቁ በኋላ ነው። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ «ራሴን፣ ራሴን» ሲሉ ነበር። እሷ ጓዳ ምስር ስትለቅም ቆይታ ሻይ ይዛ ስትገባ፣ እትዬ ከወንበራቸው ወደ ምንጣፉ ተንሸራተዋል። ዓይናቸው ግማሽ ክፍት ነው፤ ቢጠሯቸው አይሰሙም። ሻዩን ጣለችውና መስኮቱን በረገደችው፤ ማሞቂያውን አጠፋችው፤ ከሥራቸው በተነጠፈው የበግ ጠጉር ባና እየጎተተች በረንዳ አወጣቻቸው። «መስኮቱን ባልከፍት ዛሬ የምናወራው ስለ ተዝካር ነበር» ትላለች።

ሁለቱም በማርያም ማሉ። ንጋቷን ሦስት ዓመት፣ ደመቀችን ሁለት ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱም ዋሽተው አያውቁም። ያስቸገረኝም እሱ ነው።

እኔ በግቢው ጀርባ ካሉት ክፍሎች በአንዱ ተከራይ ነኝ። ስሜ ኤፍሬም ይባላል። የተማርኩት ግንባታ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚሠራ የፋብሪካ ሕንፃ ላይ ተቆጣጣሪ ሆኜ እሠራለሁ። ያን ቀን ሥራ ላይ ስለነበርኩ አላየሁም። ስመጣ እትዬ ሐኪም ቤት ነበሩ። ኦክስጅን ተሰጥቷቸው በማግሥቱ በእግራቸው ገቡ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር?» ብሎ ነው። ንጋቷ «ኧረ የለም፤ እኛ ቤት ከሰል ሳሎን ገብቶ አያውቅም» አለችው። እውነቷን ነው። ሐኪሙም የደም ግፊታቸውን ወደ መለካት ሄደ።

የቀረው የደመቀች ጉዳይ ነው። ደመቀች ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ ገብታ የነበረች ሴት ናት። እትዬ ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ታበስላለች፣ ታጥባለች፤ ማታ ከእትዬ ክፍል ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ትተኛለች። ንጋቷ «አክስቴን ነፋስ ላይ የጣለች ሴት እዚህ ቤት ገናን አትውልም» ብላ ቆርጣለች። ከመዘዞ ሌላ ልጅ አስጠይቃለች፤ እሑድ ትመጣለች ተብሏል። ደመቀች ከዚህ ከወጣች የምትመለሰው ወደዚያው ሸራ ቤት ነው።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ እትዬ አስጠሩኝ። ሳሎን ውስጥ ሦስት ባና ደራርበው ተቀምጠዋል። ንጋቷ «ገላዋ ከጋለ ዳግም መጋኛ ይመታታል» ብላ ማሞቂያውን ስላጠፋችው ቤቱ እንደ ጉድጓድ ቀዝቅዟል፤ ሲናገሩ ትንፋሻቸው ይታያል።

«ኢንጅነር» አሉኝ። ሲያሾፉብኝ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ።

«አቤት እትዬ።»

«ሰው ሁሉ የኔን አወዳደቅ ያወራል። እኔ ብቻ አላየሁትም። የራሴን ሠርግ እንደቀረሁ ቁጠረው።»

«አሁን እንዴት ነዎት?»

«በርዶኛል እንጂ ደህና ነኝ። ስማኝ። ንጋቷን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ደመቀች ደግሞ እጄ ናት። ልጄን ሐሰተኛ ልበላት ወይስ እጄን ገዳይ? በአያቴ ጊዜ ቢሆን አውጫጪኝ ይቀመጡ ነበር። መንደሩ ተሰብስቦ፣ ያየ ያየውን አውጥቶ፣ እውነቱ ሳይገኝ ማንም አይበተንም። አሁን ማን ይሰበሰባል? አንተ ብቻህን አውጫጭልኝ።»

«እኔ ዳኛ አይደለሁም እትዬ።»

«የማንም ወገን አይደለህማ።»

«የእርስዎ ተከራይ ነኝ።»

«ጣራህ ስለሚያፈስ ትንሽ ቂም ይዘህብኛል። አታዳላልኝም።» ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው። «እስከ እሑድ ድረስ።»

ስለ ቤቱ ትንሽ ልናገር። ያሠሩት የእትዬ አያት ናቸው። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ወጋግራውና ወለሉ ከአንኮበር ጫካ በበቅሎ የመጣ ጥድ ነው፤ ኮርኒሱ እስከዛሬ አቡጀዲ ነው። ዕድሜው መቶ ዓመት አልፏል፤ እንደ ቅርስ ይቆጠራል። ለፎቶ የሚመጡ ሰዎች ሁሉ ያደንቁታል። የሚኖሩበት ሰዎች ግን ከጥቅምት እስከ ጥር የሚያስቡት ስለ ብርዱ ብቻ ነው። እሳት ወለሉ ላይ እንዳይነድ የእትዬ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና አቶ ወልደተንሣኤ፣ በንጉሡ ጊዜ መንገድ ሥራ ላይ ሳሉ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ዜጋ ሁለት የቡታጋዝ ማሞቂያዎች ገዙ። አንዱ ሳሎን፣ አንዱ መኝታ ቤት ተተከለ። ጥቁር የብረት ሣጥኖች ናቸው። ከፊታቸው የሸክላ ጥርሶች ተደርድረዋል፤ ጋዙ ሲቀጣጠል ጥርሶቹ ይቀላሉ። እንግዳ ሲመጣ ከቤቱ ይልቅ እነሱን ነው አይቶ የሚገረም።

ዓርብ ማታ እራት ሳይደርስ ጓዳ ገብቼ ከደመቀች ጋር ተቀመጥኩ። ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ልብሶቿ ጥግ ላይ በፌስታል ታስረዋል።

«እንዲያ ሆነው ስታገኚያቸው» አልኳት፣ «ሰው እኮ ወይ ይጮኻል ወይ ውሃ ይረጫል። መስኮት መክፈት እንዴት ታሰበሽ?»

«መጠለያ ሳለን አይቼ ነዋ። ጎረቤቴ ውርጩ ቢበረታባት ከሰሉን ሸራው ውስጥ አስገብታ ተኛች። ጠዋት አግኝተናት ስናወጣት ልክ እንደ እትዬ ነበረች፤ ዓይኗ ግማሽ ክፍት። ያወጣናት ሰዎች ሁላችንም ራሳችንን ሲፈልጠን ዋለ። አየር ስታገኝ ነቃች።»

«ይህን ለንጋቷ ነግረሻታል?»

«ነገርኳት። 'ከሰሉ የታለ?' አለችኝ። ከሰሉ የለማ። ምን ልበላት?»

«ጋዙስ?»

«ጋዙ ይሸታል፤ ሲፈስ ይታወቃል። ያን ቀን ምንም አልሸተተኝም።» ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ኤፍሬም፣ እኔ መሄድ አይደለም ያስፈራኝ። ከወለጋ የወጣ ሰው መሄድ ያውቅበታል። ገዳይ ተብሎ መሄድ ነው።»

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርተን እንወጣለን። ስወጣ ከሥራ ቦታ መጋዘን አንድ መሣሪያ ተዋስኩ። ሠራተኛ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የውስጡን አየር የምንለካበት ነው፤ በእጅ የሚያዝ፣ ስልክ የሚያህል። እትዬን ፀሐይ ላይ በረንዳ አስቀመጥኳቸው። ደመቀችን ከውጭ መስኮቱ ሥር አቆምኳትና «በየደቂቃው ጥሪኝ፤ ካልመለስኩ ክፈቺው» አልኳት። በርና መስኮቱን ዘግቼ ማሞቂያውን ለኮስኩት።

የመጀመሪያው ነገር ወዲያው ታየኝ። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን ሲገባው ቢጫ ነበር፤ ጫፉ ይንቀጠቀጣል፤ ከሸክላ ጥርሶቹ በላይ ያለው ብረትም ጥቀርሻ ይዟል። ጋዝ በቂ አየር ሲያገኝ ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚነደው። ሲያጥረው ቢጫ ይሆንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዝ ይተፋል፤ ከሰልም የሚገድለው በዚሁ ነው። መርዙ አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። የኛ አገር ከፍታ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ ቆላ ላይ ደህና የሚነድ ማሞቂያ እዚህ ይታፈናል።

«ኤፍሬም» አለች ደመቀች ከውጭ።

«አለሁ።»

«ኤፍሬም።»

«አለሁ አልኩ እኮ።»

«ደቂቃ ሞልቷል፤ አንተ ነህ ያልከኝ።»

ሃያ ጊዜ እንኳ ሳትጠራኝ መሣሪያው መጮህ ጀመረ። አጥፍቼው ወጣሁ። እትዬ ከበረንዳው «ምንድን ነው የሚያቃጭለው፣ ቅዳሴ ገባ?» ብለው ጠየቁ።

ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ ተመልሼ ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ ፈለግሁ። አቶ ወልደተንሣኤ መንገድ ሥራ ላይ የዋሉ ሰው ናቸው፤ ማሞቂያ ተክለው ለአየር ቀዳዳ ሳያበጁ አይቀሩም ብዬ ነው። አገኘሁት። አንዱ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ሌላው ከኮርኒሱ ሥር። ሁለቱም እንደ ወንፊት በተበሳ ቆርቆሮ ተሸፍነዋል፤ ቆርቆሮው ደግሞ በኅዳር ግድግዳው በተቀባበት ቀለም አብሮ ተቀብቷል። ልብ ብሎ ላላየው ግድግዳ ነው። የታችኛውን ቡሎን ፈትቼ ቆርቆሮውን ሳነሳ ቀዳዳው እስከ ውጭ ድረስ በበግ ጠጉር ተጠቅጥቋል። የላይኛውም እንዲሁ።

ጠጉሩ ንጹሕ ነበር፤ ታጥቧል፣ ተባዝቷል፣ ጥቁሩና ነጩ ተቀላቅሏል። ጥቂት በእጄ ይዤ ለደመቀች አሳየኋት። ቆይታ አየችው።

«የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«የበግ ነዋ» አለችና ወደ ጓዳዋ ሄደች።

እሷም እኔም አውቀናል። ንጋቷ ገበያው ዳር የባናና የብርድ ልብስ ሱቅ አላት፤ ለሸማኔዎች ጠጉር አጥባና አባዝታ የምትሰጠውም እሷ ናት። ጥቁርና ነጭ እንዲህ አድርጎ የሚቀላቅል ሌላ ሰው የለም። ሌላ ሰው ብትሆን ደመቀች ያን ጊዜ «አያችሁ!» ብላ ሠፈሩን ትጠራ ነበር። እሷ ግን ምስሯን ለመቀቀል ገባች።

ይሁንና የተጠየቅኩትን ገና አልመለስኩም። ማሞቂያው ሰው መጣል እንደሚችል አውቄአለሁ። ያን ቀን መጣሉን ግን አላወቅሁም። ንጋቷ «ይችል ይሆናል፤ አክስቴን የጣላት ግን ነፋሱ ነው» ብትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። የሚያስፈልገኝ መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት እዚያ ክፍል ውስጥ የቆየ ሌላ ሰው ነው። ጓዳ ገብቼ ማክሰኞ የመጣ እንግዳ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«ማንም» አለች ደመቀች። ቀጥላ፣ «አባ ብቻ ናቸው። ስድስት ሰዓት ላይ መጥተው አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ወደ ቅዳሴ ሄዱ። እሳቸው እንግዳ አይደሉም» አለች።

አባ ወልደአረጋይ የእትዬ የነፍስ አባት ናቸው። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። መስቀል ከተሳለምኩ በኋላ ማክሰኞ ከእትዬ ቤት ወጥተው እንዴት እንደዋሉ ጠየቅኋቸው።

«ማን ነገረህ?» አሉ።

«ምኑን አባ?»

«ያየኝ አለ ማለት ነው።»

«ማንም አልነገረኝም። ስለ እትዬ ሕመም ነው የምጠይቀው።»

መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ልጄ፣ አርባ ሦስት ዓመት የነቢያትን ጾም ጾሜአለሁ። ማክሰኞ ግን ጾሙ ጣለኝ። ከለተጊዮርጊስ ቤት ስወጣ ራሴን ይፈልጠኛል። ቤተ ክርስቲያኑ በር ስደርስ ምድር ዞረብኝ። የመቀደስ ተራዬ ስላልነበር እግዚአብሔር ይመስገን፤ ውጭ ቆምኩ። ከግንቡ ጀርባ ሄጄ አስመለሰኝ። ከውሃ በቀር ምን ይወጣል? እርጅና መጣ፣ ጾሙም ከዚህ በኋላ ሊከብደኝ ነው ብዬ አዘንኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ካህን ጾም ጣለኝ ብሎ ይናገራል?»

«ከዚያስ?»

«አንድ ሰዓት አየር ላይ ብቆም ተወኝ። ረቡዕ ደህና ጾምኩ። ሐሙስም።»

ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ተደፈነው ቀዳዳ፣ ስለ መሣሪያው ነገርኳቸው። ሰሙኝና ሳበቃ ፊታቸው በራ። አንዲት ሴት ልትሞት ምንም አልቀራትም ነበር እያልኳቸው እሳቸው ደስ አላቸው።

«እንግዲያው ጾሙ አይደለም የጣለኝ» አሉ።

«አይደለም አባ።»

«ስብሐት ለእግዚአብሔር። አንተ ሐኪም ነህ።»

መስኮቱ ገና ዝግ ሳለ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ቀድሞ፣ ነፋስ ያልመታው ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ታሟል። ደመቀች እውነቷን ነው። እሑድ በሰው ፊት ይህን ብናገር ደመቀች ነፃ ትወጣለች፤ በዚያው ቅጽበት ግን ንጋቷ እንደ ወንጀለኛ ትቆማለች። ለአንዷ ፍትሕ ሳደርግ በሌላዋ ላይ ግፍ እንዳይሆን ፈራሁ። ስለዚህ ሱቅ ሳይዘጋ ወደ ገበያ ሄድኩ።

ንጋቷ ባና እያጠፈች ትደረድር ነበር። ጠጉሩን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ አየችው።

«የኔ ነው» አለች። «ከየት አመጣኸው?»

«ከሳሎኑ ግድግዳ።»

«አዎ። ቀለም ሲቀባ ነው የጠቀጠቅኩት። ነፋሱ በዚያ እንደ ጅራፍ ነበር የሚገባው። እቴቴን አንገቷን ያማታል፤ ታውቃለህ። ጥሩውን ጠጉር ነው የሰጠኋት፤ ለሸማኔ የምሰጠውን አይደለም።»

«አቶ ወልደተንሣኤ ለምን እንደከፈቱት ታውቂ ነበር?»

«ለአይጥ መውጫ መስሎኝ» አለች። ፈገግ ልትል ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው።

ሁሉንም ነገርኳት። የአባን ነገር ስደርስ ማጠፏን አቆመች። አንዲት ገበያተኛ መጥታ የብርድ ልብስ ጠየቀች፤ ንጋቷ አልሰማቻትም፤ ሴትዮዋ ሄደች።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ» አለች። «እኔን ነው። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ከሰል የለም ብዬ አፌን ሞልቼ መለስኩለት።»

«ከሰል አልነበረማ።»

«ያቺን ሴት እኮ በሰው ፊት ሰድቤአታለሁ ኤፍሬም።»

«አዎ።»

«ነገ አንተ ልትናገር ነው?»

«አንቺ ካልተናገርሽው።»

«ዝም ብልስ?»

«ያየሁትን እናገራለሁ። በክፋት አደረገችው ግን አልልም፤ እንዳልሆነ አውቃለሁና።»

ጠጉሩን አንስታ ጆንያው ውስጥ መልሳ ከተተችው። «ሂድ። ልዘጋ ነው» አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሳሎን ተሰበሰብን። እትዬ ወንበራቸው ላይ፣ አባ ከጎናቸው፣ ደመቀች በሩ አጠገብ ቆማ። ንጋቷ ብቻዋን መጣች፤ የመዘዞዋ ልጅ የለችም። ማሞቂያው ጠፍቷል፤ ከሁለቱ ቀዳዳዎች የሚገባው ቀዝቃዛ አየር በእግራችን መሐል ያልፋል። ደመቀች ሻይ ቀዳች።

«ኢንጅነር፣ አውጫጪኙ እንዴት ሆነ?» አሉ እትዬ።

ወደ ንጋቷ አየሁ። ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሣች።

«እቴቴ፣ ግድግዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ነፋስ እንዳይመታሽ ብዬ። አየር አጥቶ ጋዙ መርዝ ሆነ። ደመቀች መስኮቱን የከፈተችው ከወደቅሽ በኋላ ነው። እውነቷን ነው።» ወደ በሩ ዞረች። «ደመቀች፣ ገዳይ አልኩሽ። አውቄ አይደለም ብዬ አላመካኝም፤ ሳላውቅ መናገሬ ነው ጥፋቱ። ይቅር በይኝ።» ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትይዝ ስትል ደመቀች ወደ ኋላ ሸሸችና በሩ ጋ ተጋጨች።

«ኧረ ተይ፣ ምን ነው» አለች ደመቀች። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ። ሻይሽ ይቀዘቅዛል።»

አባም ጉሮሯቸውን አጸዱ። «እኔም የምመሰክረው አለኝ። ማክሰኞ እዚህ ተቀምጬ መርዙን ጠጥቻለሁ። ጾሙ አልነበረም» አሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ ደገሟት።

«ለምንድን ነው ያልነገሩኝ?» አሉ እትዬ። «ማክሰኞ ማታ ቢነግሩኝ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ የት ይመጣ ነበር?»

«አፈርኩ ልጄ።»

«አንዷ በፍቅር ትደፍናለች፣ አንዱ በሃፍረት ዝም ይላል። ነፋስ ምን አደረጋችሁ እናንተን» አሉና ሻያቸውን ጠጡ። ሳቅን፤ ንጋቷም ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች።

ከዚያ ስለ ማሞቂያዎቹ ጠየቁኝ። የሳሎኑ ሊድን እንደሚችል ነገርኳቸው። ከአዲስ አበባ የጋዝ ባለሙያ መጥቶ ውስጡን ያጸዳዋል፤ የተሰነጣጠቀውን ጎማ ይቀይራል፤ ከሲሊንደሩ ጀምሮ መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈትሻል። እስከዚያ ማንም እንዳይለኩሰው። ከዚያም በኋላ ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ ማጥፋት ነው። ቀዳዳዎቹ አይደፈኑም፤ እሱ ሲነድ መስኮቱም ጥቂት ገርበብ ማለት አለበት። የሚጮኸውን መሣሪያ ታናሽም ገዝቼ ግድግዳው ላይ እሰቅላለሁ አልኩ።

«የመኝታ ቤቱስ?»

«እሱ መነቀል አለበት እትዬ። ሰው በተኛበት ክፍል እንዲህ ያለ አይነድም።»

«የወልደተንሣኤ እጅ የተከለውን?»

«ቀዳዳውን የከፈቱትም እሳቸው ናቸው። ቢኖሩ ይነቅሉት ነበር።»

ንጋቷ አላስጨረሰችኝም። «ለምን ይህ ሁሉ? እቴቴ፣ እኔ ጋ ነይ። ኮንዶሚኒየሙ ሁለት ክፍል ነው፤ ጠባብ ነው፤ ይሞቃል ግን። ጋዝ የለ፣ ቀዳዳ የለ። በክፉ አይደለም የምልሽ። ከእንግዲህ ቤቴ ተቀምጬ መስኮትሽ ተከፍቶ ይሁን ተዘግቶ ይሁን እያልኩ መተኛት አልችልም። ደመቀችንም ይዘሻት ነይ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ አልጋ ይገባል።»

መልካም ሐሳብ ነበር። እኔም ተገቢ እንደሆነ ተናገርኩ፤ ሁለቱም ወገን ሚዛን ላይ መውጣት ስላለበት። ደመቀች ከበሩ አልተነቃነቀችም፤ ጓዳ ጥግ ያለው ፌስታሏ ገና አልተፈታም። ሁላችንም ወደ እትዬ አየን። እሳቸው ግድግዳውን ነበር የሚያዩት፤ የታችኛውን ቀዳዳ፣ ቀለሙ የተላጠበትን ቆርቆሮ።

«ደመቀች» አሉ። «እኔ ብርድ ሲይዘኝ ክፉ ነኝ። ታውቂኛለሽ።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«መስኮቱን ዝጊ ብዬ እቆጣለሁ።»

«ይቆጣሉ።»

«እሺ።» ባናውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ንጋቷ ልጄ፣ አልመጣም፤ አያቴ ቤት ነው የምከርመው። የመኝታ ቤቱ ማሞቂያ ነገ ይነቀል። የሳሎኑ ባለሙያው ካየው በኋላ ይንደድ። ደመቀችም የትም አትሄድም። እሱ በነደደ ቁጥር መስኮቱን የምትከፍተው እሷ ናት፤ እኔ ብቆጣም፣ ብሳደብም፣ ንጋቷ መጥታ ብትለምናትም ትክፈተው።»